የተቀበለ አይቀመጥም

ዝም ያለችን ልጅ ምን ብለው ነው የሚጠይቋት? ጥያቄው ራሱ ጠፍቶብኛል። “ምን ሆነሻል?” ስላት “ምንም” ትላለች። “አሞሻል?” ስላት ራሷን ትነቀንቃለች። “ሰው ተናግሮሻል?” ስላት ታቀረቅራለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔው ጠይቄ እኔው እመልስና፣ ሹራቧን አልብሼ፣ ነጠላዬን ጣል አድርጌ እስከ አስፋልቱ ሸኝቻት እመለሳለሁ። አርብ ጠዋት ስነቃ ዮዲ ከመጋረጃው ወዲያ ሣጥኑን ከፍታ የጥምቀት ቀሚሷን ታጥፋለች። አጥፋ ስትጨርስ መልሳ ትዘረጋዋለች፤ ዘርግታ ደግሞ ታጥፈዋለች። በዓል የለ፣ ሠርግ የለ። “ጠበበሽ እንዴ?” አልኳት። እጅጌውን አስተካከለች። “ጠቧት ነው እንጂ፤ ዘንድሮ ቁመቷ ተመዘዘ፤ ጫፉን እንዲለቁላት ልብስ ሰፊ ዘንድ እወስደዋለሁ” ብዬ ራሴው ጨረስኩት። ቀሚሱን ሣጥኑ ውስጥ መለሰችው። ክዳኑን ስትከድን ድምፅ እንዳያሰማ በሁለት እጇ ይዛ ቀስ አደረገችው፤ በሽተኛ የተኛበት ቤት ይመስል።

ቤታችን አንድ ክፍል ናት፤ አቃቂ በሰቃ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ የቀበሌ ቤት። መሐሏን የሚከፍለው መጋረጃ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በጡረታ ስወጣ ካገኘሁት ቁራጭ የሰፋሁት ነው። ኮርኒሱም የዚያው የፋብሪካ አቡጀዲ ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር ቡናማው ዕድፍ እየሰፋ ሄዶ አሁን አልጋዬ አናት ላይ ደርሷል። ወዲህ በኩል የእኔ አልጋና ቡፌው፣ ወዲያ በኩል የዮዲ ስፖንጅ ፍራሽና ሣጥኑ። አንዳችን ስንገላበጥ ሌላችን እንሰማለን። እናቷ ስትሞት ገና ድክ ድክ ትል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያለ እኔ አድራ አታውቅም። አሁን ዘጠነኛ ክፍል ናት። አባቷ አሻግሬ፣ የእኔው ልጅ፣ ቃሊቲ አንድ ጋራዥ ውስጥ ብየዳ ይሠራል። ዳሲቱን አግብቶ ወንድ ልጅ ወልደዋል፤ ዘንድሮ ደግሞ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣለት። እሑድ መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠና “እማዬ፣ አሁን ቤት አለኝ። ዮዲን ልውሰዳት” አለኝ። “ሞግዚት ፈልጋችሁ ነው” አልኩት። ፊቱ ጠቆረ፤ ተነሳ። ሲወጣ ግን በሩ ላይ ቆም ብሎ “አርብ ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ። እሷው በአፏ ትንገረኝ” አለ። እንግዲህ አርብ ደረሰ። ሳምንቱን ሙሉ “መሄድ አትፈልጊም አይደል?” እያልኩ ጠይቄያታለሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ ዝም ብላለች። ሰው ዝምታ እሺታ ነው ይላል። እኔ ዝምታዋን እምቢታ አድርጌ ያዝኩት፤ ለአሻግሬም እንደዚያው ልነግረው ተሰናድቻለሁ።

በዚህ ላይ ትምህርት ቤቱ ወላጅ ጠራ። “ምን አጥፍተሽ ነው?” ብላት ትከሻዋን ነቀነቀች። ነጠላዬን ደርቤ ስወጣ የሐጀራ ሱቅ ተከፍቷል። ሐጀራ የስልጤ ሰው ናት፤ ሱቋ ከበራችን ፊት ለፊት ስለሆነ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ከስኳር ጋር መዝና ታውቀዋለች።

“እትዬ ብዙወርቅ፣ በጠዋት ወዴት ነው? ፊትዎ ልክ አይደለም።”

“ትምህርት ቤት ጠርተውኛል። ይቺ ልጅ ምን እንደነካት እንጃ፤ አትናገርም እኮ።”

“ከእኔ ጋር ታወራለች።”

“ምን ብላ?”

“ሳሙና ስትገዛ ነዋ። ስለ ትንሹ ወንድሟ ነው ወሬዋ ሁሉ። ጥርስ አወጣ አለችኝ።”

ጥርስ ማውጣቱን አልሰማሁም። “እኔ ያልሰማሁትን አንቺ እንዴት ሰማሽ?” አልኳት፤ ቅር ብሎኝ ነበር።

ሐጀራ ሳቀች። “እርስዎ ዘንድ ተራ አይደርሳት ይሆናላ! እርስዎ እኮ ሱቅ መጥተው ለገዢውም ለሻጩም የሚናገሩ ሰው ነዎት። ባለፈው ‘ዘይት ስንት ገባ?’ ብለው ጠየቁ፣ ‘መቼስ ጨምሯል’ ብለው መለሱ፣ ‘ይቅርብኝ’ ብለው ሄዱ። እኔ አፌን አልከፈትኩም።”

“ጨምሮ አልነበር እንዴ?”

“ጨምሮማ ነበር” አለችና የሳሙና ካርቶኗን መክፈት ጀመረች።

መምህር ነቢዩ የጠበቅሁት ዓይነት ሰው አልሆነም። ገና ጢሙ ያልጠና ልጅ ነው፤ የኮቱ እጅጌ በጠመኔ ነጥቷል። የመምህራኑ ክፍል ሰው ስለሞላበት ባንዲራው ከሚሰቀልበት አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ አስቀመጠኝ፤ ዮዲን አስጠርቶ ከፊታችን አቆማት። ሹራቧን አውልቃ ወገቧ ላይ አስራዋለች። በዚህ ብርድ!

“ዮዲት፣ ክፍል ውስጥ የማትመልሺው ለምንድን ነው?” አላት።

“ከትንሽነቷም ዓይን አፋር ናት” አልኩ።

“የሚያስቸግርሽ ልጅ አለ?”

“ቢኖር ለእኔ ትነግረኝ ነበር።”

“እሺ፣ ቤትስ ሰላም ነው?”

“ምን ጎድሎባት! ለሷ ስል ጎረቤት ለቅሶ እንኳ ደርሼ አላመሽም።”

መምህሩ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን የደከመ ነበር። “እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ክፍላችን ውስጥ ፕላዝማ የምንለው ቴሌቪዥን አለ። የሚያስተምረው እሱ ነው፣ በእንግሊዝኛ። ልጆቹን ይጠይቃቸዋል፤ ትንሽ ዝም ይላል፤ ከዚያ ራሱ ይመልስና ‘በጣም ጥሩ!’ ብሎ ያልፋል። አንድም ልጅ አፉን አልከፈተም እኮ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነው የምውለው። እርስዎም...” አልጨረሰውም። ባይጨርሰውም ገብቶኛል። ዮዲ ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቋን ይሁን ዕንባዋን የያዘችው አልለየሁም። የልጄን ልጅ ፊት አይቼ አልለየሁም። መምህሩ ወደ ክፍሏ መለሳትና አግዳሚው ላይ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

“ሰኞ መብራት ጠፋ” አለኝ። “ፕላዝማውም ዝም አለ። አጋጣሚው ደስ አለኝና ልጆቹን ‘እስቲ ዛሬ የሚሰማችሁን ንገሩኝ’ አልኳቸው። መናገር የሚሆንለት በቃል፣ የማይሆንለት ያለ ቃል፤ በእጁ፣ በፊቱ፣ እንደፈለገ። አንዱ ስለ አባቱ መታሰር በቃል ተናገረ፤ ከመስከረም ጀምሮ የሚረብሸኝ ልጅ ነው፣ ለካ ይኼ ነበር በሆዱ። አንዷ ጫማዋን አውልቃ አሳየችን፤ ሶሉ የለም፤ ማንም አልሳቀባትም። ዮዲት እጇን አወጣች። እጇን ስታወጣ በዓመቱ የመጀመሪያዋ ነው። ወደ ፊት መጣችና ትከሻዋን እንዲህ ሁለቴ መታ መታ አደረገች።” በቀኝ እጁ የግራ ትከሻውን ነካ ነካ አድርጎ አሳየኝ። “ከዚያ ቆመች። አንዱ ከኋላ ‘እከኩኝ እያለች ነው!’ ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ስሟ ‘እከኩኝ’ ሆኗል። እሷ ግን ተሳቀብኝ ብላ አልተቀመጠችም፤ ደወል እስኪደወል እኔን እያየች ቆመች። መልስ የምትጠብቅ ነበር የምትመስለው። እኔ ደግሞ የምመልሰው ጠፋኝ። ምን ማለቷ ነው እማማ? እርስዎ ያውቁታል?”

አውቀዋለሁ። አቃቂ ውስጥ እንደኔ የሚያውቀው ስንት ሰው ቀርቷል?

“ትከሻዋን ብርድ መቷት ይሆናል” አልኩ። “ሹራቧን ታወልቃለች እኮ፤ አይተሃታል።”

ትንሽ አየኝና “እሺ” አለ። ሌላ አልጠየቀኝም። ቆሞ በሁለት እጁ ጨበጠኝ፤ የጠመኔው ዱቄት መዳፌ ላይ ቀረ።

ወደ ቤት የተመለስኩት በሐዲዱ በኩል ነው። ባቡሩ አሁን የሚያልፈው አልፎ አልፎ ስለሆነ በሐዲዱ መሐል ሣር በቅሏል፤ የፍየል መንጋ ይግጠዋል። እየሄድኩ ቀኝ እጄ ሳላዘው ትከሻዬ ላይ ወጣ። በፋብሪካው የሽመና ክፍል ውስጥ ሰው ለሰው በአፍ አይነጋገርም ነበር። ያ ሁሉ ማሽን አንድ ላይ ሲንኳኳ ጆሮሽ ላይ ቢጮሁ አይሰማም። ስለዚህ በእጅና በፊት እንነጋገራለን። ከላይኛው ከንፈር በላይ ጣት ማስኬድ፦ ፎርማኑ መጣ። ሁለት ጣት አገናኝቶ ማለያየት፦ ክር ተበጠሰብሽ። ትከሻን ሁለቴ መታ መታ ማድረግ ደግሞ፦ መሄዴ ነው፣ እመለሳለሁ፣ ማሽኔን ተቀበይኝ። ልጅ የምታጠባ ትሄዳለች፣ ሆዷን የቆረጣት ትሄዳለች፤ ግን ጎረቤቷ አይታት መዳፏን ደረቷ ላይ ካላሳረፈች ከማሽኗ ንቅንቅ አትልም። መዳፍ ደረት ላይ ካረፈ ተቀብያለሁ ማለት ነው። የተቀበለች ሴት ደግሞ ያቺ እስክትመለስ አትቀመጥም፤ በሁለቱም ማሽን መሐል ትመላለሳለች። ሕጉን ማንም አልጻፈውም፤ ሲጣስም አላየሁም። ዮዲን ትንሽ ሳለች ይህንኑ አስተማርኳት። ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ ስለሆነ ሲመሻሽ ትፈራለች፤ በሩ ላይ ቆማ ትከሻዋን መታ መታ ታደርጋለች፣ እኔ መዳፌን ደረቴ ላይ አሳርፌ እስክትመለስ እቆማለሁ። አንዳንዴ ጨዋታ አድርጋው ከደጅ ትመለስና ትስቃለች፤ “ቆመሻል? አልተቀመጥሽም?” ትለኛለች።

እንግዲህ ሰኞ ዕለት፣ ያ ሁሉ ልጅ ፊት ቆማ፣ መሄዴ ነው ብላለች። የሚቀበላት አጥታ ደወል እስኪደወል ቆማለች። እኔ ደግሞ ብርድ ነው አልኩ። ለምን እንደዋሸሁ አውቃለሁ። ከአጠገቤ የምትሠራ ኡሙልኸይር የምትባል ሴት ነበረች። የሠራተኛ ቅነሳ የመጣ ጊዜ ፎርማኑ ቢሮ ጠራት። ትከሻዋን መታ መታ አደረገች፤ እኔም መዳፌን አሳየኋት። ፈረቃው እስኪያልቅ በእሷና በእኔ ማሽን መሐል ስሮጥ ዋልኩ። አልተመለሰችም። ወረቀቷን ሰጥተው በዋናው በር አስወጥተዋታል፤ እኔን ሳታይ። ጥፋቱ የሷ አይደለም፤ አውቃለሁ። ግን ከዚያ ወዲህ መቀበል እፈራለሁ።

ቤት ገብቼ ወለሉን ጠረግሁ፣ ሽሮ ጣድኩ፣ ቡፌው ላይ ያሉትን ስኒዎች ያለ ሥራቸው አጥቤ መለስኩ። ዮዲ ከትምህርት ቤት ስትመጣ “ደህና ዋልሽ?” አልኳት፤ ራሷን ነቀነቀች። ከመምህሩ ጋር ምን እንደተነጋገርን አልጠየቀችኝም። እኔም “እከኩኝ” ይሉሻል ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም፤ ስሙ አፌን የሚያቃጥለኝ መሰለኝ። ከምሳዋ በኋላ በሩ አጠገብ ብርሃን ያለበት ተቀምጣ ሰሞኑን የጀመረችውን የሹራብ ሥራ አወጣች። ክሩን ስትጀምረው “ለማን ነው?” ብዬ ነበር፤ ወዲያው “ለእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ነው መሰለኝ” ብዬ ትቼዋለሁ። አሁን ትክ ብዬ አየሁት። ትንሽዬ ኮፍያ ነው። የብርቱካን ያህል ጭንቅላት ካለው ሰው በቀር ለማንም አይሆንም። ዘጠነኛ ክፍል ደግሞ የእጅ ሥራ የሚባል ትምህርት የለም፤ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ጫፉን አስራ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው፤ ጉልበቷ ላይ አኖረችና በጣቷ አለሰለሰችው። እዚህ ቤት ውስጥ ስንት ነገር ፊት ለፊቴ እየተሠራ እኔ ወሬ ላይ ነበርኩ።

አሻግሬ የመጣው ፀሐዩ ከወፍጮ ቤቱ ጣራ ዝቅ ሲል ነው። ሙዝና ዳቦ ይዟል። እጁን ታጥቧል፤ የብየዳው ጥቁረት ግን ከጥፍሩ ሥር አይለቅም። አልጋዬ ጫፍ ላይ፣ እሑድ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ተቀመጠ። ዮዲ ጉንጩን ሳመችውና ወደ ሣጥኗ ሄዳ ተቀመጠችበት። ሻይ አቀረብኩ። ታክሲ እንደጠፋ፣ መንገዱ ለጥገና ተቆፍሮ አቧራው እንደማያስኬድ ነገረኝ። ልጁን ጉንፋን ይዞት እንደነበር፣ አሁን እንደተሻለው ነገረኝ። “ዳሲቱ ደህና ናት?” አልኩት። “ደህና ናት፤ ሰላም ብላሻለች።” “እግዜር ይስጣት።” ከዚያ የሚወራ አለቀ። የሻዩ ስኳር አልሟሟም ይሆናል ብዬ እንዲያማስለው ልነግረው አሰብኩ፤ ተውኩት። የጎረቤት ሬዲዮ የኳስ ጨዋታ ያስተላልፋል፤ አስተላላፊው ለሁላችንም ይናገርልናል።

“እሺ ዮዲዬ” አለ አሻግሬ ስኒውን እያዞረ። “ምን አሰብሽ?”

“እሷማ...” አልኩ።

“እሷማ” ብዬ የምጨርሰው ነገር ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። እሷማ እኔን ትታ የት ትሄዳለች፣ እሷማ ትምህርቷን፣ እሷማ ብርድ ይመታታል። ዮዲ ቀና ብላ አየችኝ። ሰማያዊ ቱታ ለብሼ ማሽኖቹ መሐል በቆምኩበት ዘመን፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ፣ ባሏ የመታትን ከዓይኗ ቆብ፣ ያረገዘችውን ከአረማመዷ ለይቼ አውቅ ነበር። ሰው ሳይናገር የሚናገረውን ማንበብ ሥራዬ ነበር። እንግዲህ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ አንዲት ልጅ ማየት እንዴት አቃተኝ? አፌን ዘጋሁ። ዘግቼ አየኋት። ከንፈሯ ደርቋል። የተቀመጠችበትን ሣጥን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣለች፤ ጣቶቿ ነጥተዋል። ዓይኗ ወደ አባቷ አልሄደም፤ እኔ ላይ ነው። የፈራችው እሱን አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ ዝም ያለችው እኔ እንዳልሰበር ነው።

አሻግሬ ሊናገር ሲል በእጄ ያዝ አደረግሁት። ሰውን እንዲህ ዝም ብዬ ከጠበቅሁ ስንት ጊዜዬ ነው? ሬዲዮው ጎል ገባ ብሎ ጮኸ፤ ከሐጀራ ሱቅ ፊት ያሉ ልጆች አጨበጨቡ። ያኔ ዮዲ ተነሳች። ሣጥኑን ከፈተችና የጥምቀት ቀሚሷን፣ ከሥሩ ደግሞ ሌሎች የታጠፉ ልብሶችን አውጥታ ፌስታል ውስጥ ከተተች፤ ኮፍያውን ከላይ አኖረችው። ደብተሮቿን አቀፈች። ሹራቧን ሳልነግራት ለበሰች። በሩ ድረስ ሄደችና ዞረች። ፌስታሉን ወደ ግራ እጇ አዛውራ፣ በቀኝ እጇ ትከሻዋን ሁለቴ መታ መታ አደረገች። ከዚያ ቆመች።

አሻግሬ የሸማኔ ልጅ ነው፤ ያውቀዋል። ስኒውን ወለሉ ላይ አስቀመጠና አንገቱን ደፋ።

እጄ ጉልበቴ ላይ ከበደኝ። ሺህ ነገር መጣብኝ። የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ገና መደገፊያ አልገባለትም ይባላል። ውኃው ላይኛው ፎቅ አይደርስም፤ ማን ሊቀዳ ነው? የቃሊቲ መንገድ የጭነት መኪና ነው። ዳሲቱ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ግን ያልወለዱት ልጅ ያው የሰው ልጅ ነው። እጄን ካላነሳሁ እንደማትሄድ አውቃለሁ። ሕጉን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እጄን ጉልበቴ ላይ ብተወው ፌስታሉን ታስቀምጣለች፣ ቀሚሱን ትመልሳለች፣ ሣጥኑን ድምፅ ሳታሰማ ትከድናለች፣ ነገ ጠዋትም “ምንም” ትለኛለች። ከእኔ ጋር ትኖራለች፤ ግን እንደዚያ ትኖራለች። ኡሙልኸይርም መጣችብኝ፤ ባዶ ቆሞ የቀረው ማሽኗ መጣብኝ። ዮዲ ዓይኗን አልነቀለችም። ማስቸኮልም የለ፣ መለመንም የለ። የክፍሏ ልጆች የሳቁባት አቋቋም ይህ ነበር።

ተነሳሁ። ጉልበቴ ሲንቋቋ ተሰማኝ። መዳፌን ደረቴ ላይ አሳረፍኩ።

ፊቷ ተከፈተ፤ ከመስከረም ወዲህ ያላየሁት ፊት ነው። ሮጣ መጥታ የምታቅፈኝ መሰለኝ፤ እኔም ሁለት እጄን ልዘረጋ ነበር። ግን ሂያጇ ሳትወጣ መዳፉ ከደረት ከተነሳ ነገሩ ይፈርሳል፤ እሷም እኔም ስለምናውቅ ከቆምንበት አልተነቃነቅንም። አሻግሬ ጃኬቱን አነሳ። “እማዬ...” ብሎ ጀመረና እጄን ሲያይ ተወው፤ ቀድሟት ወጥቶ ደጅ ጠበቃት። ኮርኒሱን፣ መጋረጃውን፣ ቡፌውን ዞር ብላ አየቻቸው። እኔን መጨረሻ ላይ አየችኝ፤ መቆሜን አረጋገጠች። ከዚያ በሩን በቀስታ ሳትይዘው፣ እንደማንኛውም ልጅ ገጭ አድርጋ ዘግታ፣ አንዲት ቃል ሳትናገር ወጣች።